በአውስትራሊያ በረሃ የቡድን ብስክሌት ጉዞ፦ አጃቢ መኪና፣ ተረኛ ሾፌር፣ አስጎብኚ ወይስ ራስን ችሎ?

የብስክሌት ቡድን የአውስትራሊያን በረሃ፣ አውትባክ የሚሉትን፣ ላቋርጥ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚከራከረው ስለ ብስክሌቱ ነው። የጎማው ስፋት፣ የኮርቻው ዓይነት፣ የማርሹ ቁጥር። የአጃቢው ነገር መጨረሻ ላይ ይነሳል። "መኪና እንይዛለን አይደል?" "እንይዛለን" ተባብሎ ያልቃል።

እኛም እንደዚያው ነበርን። ስምንት ሆነን ከፖርት ኦገስታ ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ወጣን፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ መኪና ነበረን፣ በየቀኑ አንዳችን ብስክሌቱን ጭኖ ይነዳል። ከግሌንዳምቦ በወጣን በማግስቱ የዕለቱ ተረኛ 80 ኪሎ ሜትር ቀድሞ እንዲጠብቀን ተስማማን። ጠዋት ነፋሱ ከጀርባችን ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ዞረና ፊት ለፊት መጣ። በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ስንሄድ የነበርን ሰዎች 11 መሄድ አቃተን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኮዳዬ ውስጥ የቀረው ሁለት ጉንጭ ነበር። ስልክ አይሠራም፣ ጥላ የለም። ካራቫን የሚጎትቱ ጡረተኛ ባልና ሚስት ቆሙልንና 10 ሊትር ውሃ ቀዱልን። ሴትዮዋ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይታ የኮዳዬን ክዳን ራሷ ከፈተችው። ተረኛው ጓደኛችን ሊመሽ ሲል ፈልጎ አገኘን። "80 ላይ ጠብቅ አላችሁኝ፣ 80 ላይ ጠበቅኩ" አለ። እውነቱን ነው። ያጠፋነው ሁላችንም ነን።

ከዚያ ወዲህ ያለ መኪናም ሄጃለሁ፣ ከቋሚ ሾፌር ጋርም ሄጃለሁ። በዚህ ዓመት ሊወጡ ያሰቡ ሰዎች ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን እዚህ ላስቀምጥ። መጀመሪያ መለኪያዎቹን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ምርጫ በነሱ እንየው።

## መጀመሪያ መንገዳችሁን እወቁ

አውትባክ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። አጃቢያችሁን የሚወስነው በሁለት የውሃ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀትና የመንገዱ ዓይነት ነው።

ስቱዋርት ሃይዌይ ከፖርት ኦገስታ እስከ ዳርዊን ነው፣ ከ2,700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሙሉ በሙሉ አስፋልት። በየመሃሉ ሮድሃውስ አለ፤ ነዳጅም ምግብም አልጋም አንድ ላይ የያዘ የመንገድ ዳር ማረፊያ ማለት ነው። ግን ከግሌንዳምቦ እስከ ኩበር ፔዲ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ምንም የለም። የሚጨንቀው ክፍል እሱ ነው።

ኤይር ሃይዌይ ደግሞ የናላርቦርን ሜዳ ያቋርጣል፣ ከኖርስማን እስከ ሴዱና 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ። እሱም አስፋልት ነው። ከባላዶኒያ እስከ ካይጉና ባለው መሃል 146.6 ኪሎ ሜትር ያለ አንዲት ኩርባ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በሮድሃውሶቹ መካከል ያለው ትልቁ ክፍተት 190 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

ኡድናዳታ ትራክ ከማሪ እስከ ማርላ 620 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፒስታ ነው፣ ቦታ ቦታ ላይ ጥርስ የሚያስጮህ ኮረኮንች። ማረፊያዎቹ ዊልያም ክሪክና ኡድናዳታ ናቸው፣ በመካከላቸው በግምት 200፣ 200 ኪሎ ሜትር። ዝናብ ከጣለ ይዘጋል። የተዘጋ መንገድ ላይ የገባ መኪና ይቀጣል።

ግሬት ሴንትራል ሮድ ከላቨርተን እስከ ዩላራ 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአቦርጂናል ሕዝቦች መሬት ስለሆነ የማለፊያ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አስቀድማችሁ አመልክቱ። የመጀመሪያው ክፍተት ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ወቅቱን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ነው። ኡድናዳታ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2 ቀን 1960 50.7 ዲግሪ ተመዝግቦባታል፣ በበጋቸው መሄድ አይታሰብም። በክረምታቸው ሌሊት ግን አሊስ ስፕሪንግስ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ያዙ። በዚያ ወቅት መሃል አገሩ ላይ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ስቱዋርት ሃይዌይን ከደቡብ ወደ ሰሜን መሄድ ይሻላል።

## መለኪያዎቹ

ውሃ። ከሁሉ በፊት እሱ ነው። እኔ የምቆጥረው ለአንድ ሰው በቀን 10 ሊትር ነው፣ መጠጥና ማብሰያ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ስምንት ብስክሌተኛና አንድ ሾፌር ከግሌንዳምቦ ኩበር ፔዲ ለመድረስ ሁለት ቀን ቢፈጅባቸው 180 ሊትር ነው። የአንድ ቀን መጠባበቂያ ሲጨመር 270። ይህ ማለት አሥራ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሰው ሳይሳፈር፣ ድንኳን ሳይጫን፣ አንዲት ድስት ሳትገባ 270 ኪሎ ማለት ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ላንድክሩዘር መሰል መኪኖች በአጠቃላይ የሚሸከሙት፣ ተሳፋሪው ጭምር፣ ከ600 እስከ 800 ኪሎ ነው። ስለዚህ "መኪና አለን" ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ወረቀትና እስክርቢቶ ይዛችሁ ደምሩ። ጀሪካኖቹ ጣሪያ ላይ አይወጡም፣ ወለል ላይ ወይም ተጎታች ላይ ነው የሚሆኑት።

ሰው ቢታመም። ሁለት ጥያቄ አለው። ማንን ትጠራላችሁ? እስኪመጣስ የት ታስተኙታላችሁ? የአደጋ ቁጥሩ 000 ነው፣ ግን ስልክ በማይሠራበት ቦታ ቁጥሩ አይጠቅምም። የነፍስ አድን ማስጠንቀቂያ የሆነችውን ፒኤልቢ እያንዳንዱ ንዑስ ቡድን ይያዝ። ዋጋዋ ከ300 እስከ 400 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ነው፣ ወርሃዊ ክፍያ የላትም፣ ምዝገባውም ነጻ ነው። ችግሯ የምትናገረው "አድኑኝ" የሚል ብቻ መሆኑ ነው። "አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ተጣሞበታል፣ አይቸኩልም" ለማለት የሳተላይት መልእክት መላኪያ ያስፈልጋል። ሁለቱም ይኑሯችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ በአውሮፕላን ሕሙማንን የሚደርስ ሮያል ፍላይንግ ዶክተር ሰርቪስ የሚባል ተቋም አለ፣ ኤይር ሃይዌይ ላይም አስፋልቱ ራሱ ለአውሮፕላናቸው ማረፊያ ተብሎ ቀለም የተቀባባቸው ቦታዎች ታያላችሁ። ድንቅ ሰዎች ናቸው። ግን እስኪደርሱ ድረስ ጥላ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ወንበር። አምስት ሰው የሚይዝ መኪና ስምንት ብስክሌተኛ አያወጣም። ሁለት የታመሙ ሰዎችን ያወጣል፣ በቃ። መንገድ ቢዘጋ የቀሩት ቆመው ይጠብቃሉ። ይህንን ከወዲሁ ማወቅ ጥሩ ነው።

ድካምና ወጪ። ማን ያበስላል፣ ማን ይነዳል፣ ማን ያርፋል? ገንዘቡንም ስታሰሉ አጃቢ መኪና ከብስክሌቱ የበለጠ እንደሚጓዝ አትርሱ። ወደኋላ ይመለሳል፣ ውሃ ሊቀዳ ይሄዳል፣ ሜካኒክ ይፈልጋል። በመንገዱ ርዝመት ላይ ሩብ ጨምሩበት። የሮድሃውስ ነዳጅ ደግሞ ከከተማው በደንብ ይወደዳል።

## አንድ፦ ራስን ችሎ መሄድ

ሁሉንም ነገር ብስክሌታችሁ ላይ ጭናችሁ ትሄዳላችሁ። ነጻነቱ ልብ ይሞላል። የፈለጋችሁት ቦታ ታድራላችሁ፣ ማንንም አትጠብቁም፣ ወጪውም ከሁሉ ያነሰ ነው። የውሃው ሒሳብ ግን አይምርም። የተጫነ ብስክሌት በቀን 85 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ከግሌንዳምቦ ኩበር ፔዲ ያለው 250 ሦስት ቀን ይፈጃል። ቆጥባችሁ በቀን 8 ሊትር ብትጠጡ እንኳ እያንዳንዳችሁ 24 ኪሎ ውሃ ይዛችሁ ትነሳላችሁ። ይህ ከምግቡ፣ ከድንኳኑ፣ ከመለዋወጫው ውጪ ነው። ሮድሃውስ ባልሆኑ አንዳንድ የመኪና ማቆሚያ ቦታዎች የዝናብ ውሃ ታንከር አለ፣ ግን ባዶ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ስለሚችል በሱ ላይ ሕይወታችሁን አትጣሉ።

ለሁለት፣ ለሦስት ልምድ ላላቸው ሰዎች አስፋልት ላይ እሺ። ለስምንት ሰው ግን አልመክርም። ቡድን ሲበዛ ደካማው የሚሸከመውን ያህል ነው ሁሉም የሚጓዘው።

## ሁለት፦ ስንቅን ቀድሞ መላክ

ይኼ የመጀመሪያው ታናሽ ወንድም ነው። ምግቡን በካርቶን አሽጋችሁ ለሮድሃውሶቹ በፖስታ ትልካላችሁ፣ ስትደርሱ ትቀበላላችሁ። አስቀድማችሁ ደውላችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ስምና የምትደርሱበትን ቀን በትልቁ ጻፉበት። ፖስታው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚደርስባቸው ቦታዎች ስላሉ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይላክ።

የኛ ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፤ ሁሉም ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ቀላል ነው፣ ሆድ ይይዛል። ነፋስ ሲያደክማችሁ ኮዳ ውስጥ የተበጠበጠ በሶ ከየትኛውም የስፖርት መጠጥ ይበልጥብኛል። በሶውን በማር ለመጠጣት ካሰባችሁ ግን ልብ በሉ፤ ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ስትገቡ ድንበሩ ላይ ማር፣ ፍራፍሬና አትክልት ይወሰዳል። ከምዕራብ ስትመጡም ሴዱና ላይ ፍራፍሬና አትክልት ይፈተሻል። ሽንኩርቱን በልታችሁ ጨርሱት።

የምግቡን ክብደት ይቀንሳል እንጂ የውሃውን አይፈታም። ናላርቦር ላይ ይሠራል። ግሬት ሴንትራል ሮድ ላይ አይበቃም።

## ሦስት፦ ተረኛ ሾፌር

ከላይ የነገርኳችሁ የኛ ምርጫ ነው። ብዙ ቡድን የሚመርጠውም ይህንኑ ነው፣ ምክንያቱም ፍትሐዊ ይመስላል። የውጭ ሰው አይከፈለውም፣ ተረኛው እግሩን ያሳርፋል።

ጉዳቱ የሚታየው ከአራተኛው ቀን በኋላ ነው። መኪናው ባለቤት የለውም። ዛሬ የጫነው ሰው ነገ ብስክሌት ላይ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ አንድ ቀን ከፊት ወንበር ሥር፣ በማግስቱ ከድንኳኖቹ ታች ይሆናል። ስንት ጀሪካን ሙሉ እንደሆነ እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም። ተረኛው ደግሞ ትናንት 110 ኪሎ ሜትር ብስክሌት የነዳ ሰው ነው፣ ጥላ ሥር ቆሞ ዓይኑ ይከደናል። ከዚህ ሌላ ሙሉውን መንገድ በብስክሌት ልጨርስ ብሎ የመጣ ሰው ተራው ሲደርስ ይከፋዋል፣ መከፋቱም ተገቢ ነው።

ኢንሹራንሱንም አንብቡ። የሚነዱት ሁሉ ስማቸው መመዝገብ አለበት። የኪራይ መኪና ከሆነ ብዙ ውሎች ፒስታ መንገድ ላይ መንዳትን ይከለክላሉ፣ ከመሸ በኋላ የሚደርስ ጉዳትንም አንሸፍንም የሚሉ አሉ። ማታ ደግሞ ካንጋሮው የሚወጣበት ሰዓት ነው።

ገንዘብ ከሌላችሁና ይህንን ከመረጣችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነጂው ይቀያየር፣ የጭነቱ ኃላፊ ግን አንድ ሰው ይሁን። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ውሃ የሚቆጥረው፣ ሳጥኑን ቦታው የሚመልሰው አንድ ሰው።

## አራት፦ ቋሚ ሾፌር

ለኔ ትክክለኛው ይህ ነው፣ ረዘም አድርጌ ላውራበት።

ሁለተኛውን ጉዞ ስናስብ የአንድ ጓደኛችን አጎት አብረውን ለመሄድ ፈቀዱ። በወጣትነታቸው የአሰብን መስመር በከባድ መኪና የሠሩ ሰው ናቸው፣ በረሃ አይደንቃቸውም። ብስክሌት ግን አይነዱም። በመጀመሪያው ቀን ሕግ አወጡ፤ የመጨረሻው ሰው መጥቶ የመኪናውን ኮፈን በእጁ ሳይነካ መኪናው አይንቀሳቀስም። በየ25 ኪሎ ሜትሩ ይቆማሉ። የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ ወረቀት ለጥፈው የሚቀጥለውን መቆሚያና "እስከዚህ ሰዓት ካልመጣችሁ እመለሳለሁ" የሚለውን ይጽፋሉ። ውሃ ስትጠይቁ ኮዳውን ከመሙላታቸው በፊት ምን ያህል እንደጠጣችሁ ያያሉ። ያልጠጣውን ሰው "ና እዚህ ቁጭ በል" ይሉታል። ማንም ተከራክሯቸው አያውቅም።

ያ ጉዞ ከመጀመሪያው በምን ይለያል ብትሉኝ በመኪናው አይደለም። መኪናው ያው ነው። የሚለየው ሥራው የሚጠበቅበት ሰው በመኖሩ ነው።

ስለዚህ መኪና ከመምረጣችሁ በፊት ሾፌር ምረጡ። ጎማ መቀየር ብቻ ሳይሆን ጎሚስታ በሌለበት ቀዳዳ መድፈን የሚችል፣ የመጀመሪያ እርዳታ የተማረ፣ አራት ሰዓት ብቻውን መቀመጥ የማይከብደው፣ "ዛሬ እዚህ ይበቃል" ለማለት የማያፍር። ምግቡን፣ ነዳጁን፣ አልጋውን ቻሉለት። በሳምንት አንድ ቀን የእረፍት ቀን ስጡት፣ ያን ቀን ማብሰልም አይነካው። ከአሥር ብስክሌተኛ ካለፋችሁ ሁለት ሰው ይሁኑ። ክፍያ የምትከፍሉት ከሆነ ኢንሹራንሱ ያንን እንደሚቀበል ጠይቁ።

መኪናውን እንደ መንገዱ ምረጡ። ሙሉ አስፋልት ከሆነ ባለ 12 ወንበር ቫን ከላንድክሩዘር ይሻላል። ሾፌሩን ጨምሮ እስከ 12 ወንበር በተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ይነዳል፣ ቡድኑንም ሙሉ በሙሉ ያወጣል። ፒስታ ከሆነ ግን ከፍ ያለ፣ አራቱም ጎማ የሚገፋ መኪና ከተጎታች ጋር ነው። የራሱ ፍሬን የሌለው ተጎታች ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ማለፍ አይችልም።

አንድ የማልስማማበት ልማድ አለ፤ መኪናው ከብስክሌቶቹ ኋላ እየተከተለ መብራት እያበራ ይሂድ የሚሉት። በስቱዋርት ሃይዌይ ደቡብ ላይ ፍጥነቱ 110፣ ሰሜኑ ላይ እስከ 130 ነው። ሮድ ትሬይን የሚባሉት ተሳቢዎች እስከ 53.5 ሜትር ይረዝማሉ፣ ቶሎ መቆም አይችሉም። በ20 የሚንፏቀቅ መኪና ለነሱ ግድግዳ ነው። ቀድሞ ሄዶ ከመንገድ ወጥቶ ይቁም። በሬዲዮ ቻናል 40 ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች "ስምንት ብስክሌት ከፊታችሁ አለ" ብሎ ይንገራቸው። ያመሰግናሉ፣ ራቅ ብለውም ያልፋሉ። የመጨረሻው ብስክሌተኛም የእጅ ሬዲዮ ይያዝ። ተሳቢ ከኋላ ሲመጣ "ውጡ" ብሎ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

## አምስት፦ አስጎብኚ ድርጅት

ምግብ፣ ሾፌር፣ መኪና፣ ሜካኒክ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ዋጋው ከሁሉ ይበልጣል። ጊዜ ለሌላቸውና በረሃውን ለማያውቁ ትክክለኛ ምርጫ ነው፣ ማንም አይፍረድባችሁ። ስትጠይቁ ግን የፎቶውን ውበት ተዉትና ቁጥር ጠይቁ። በቀን ለሰው ስንት ሊትር ውሃ ትይዛላችሁ? መኪናው በየስንት ኪሎ ሜትሩ ይቆማል? ለስንት ብስክሌተኛ ስንት ሠራተኛ አለ? ሳተላይት ስልክ አላችሁ? መንገድ ቢዘጋ ወዴት ትወስዱናላችሁ፣ ገንዘቡስ? አንዴ እኔ ደውዬ የውሃውን ስጠይቅ "በቂ ይዘናል" የሚል መልስ አግኝቻለሁ። ሊትሩን የማያውቅ ሰው አልቆጠረም ማለት ነው፣ ወደ ሌላ ሄድኩ።

## በአጭሩ በሠንጠረዥ

| መለኪያ | ራስን ችሎ | ስንቅ ልኮ | ተረኛ ሾፌር | ቋሚ ሾፌር | አስጎብኚ |
|---|---|---|---|---|---|
| ውሃ ለ250 ኪ.ሜ | በጣም ከባድ | ከባድ | ይቻላል፣ የሚቆጥር ካለ | ጥሩ | ጥሩ፣ ጠይቃችሁ አረጋግጡ |
| ፒስታ መንገድ | ለልምዳሞች ብቻ | ለልምዳሞች ብቻ | ኢንሹራንሱ ከፈቀደ | በትክክለኛው መኪና ጥሩ | ጥሩ |
| ሰው ቢታመም | ደካማ | ደካማ | መካከለኛ | ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| የብስክሌተኛው ድካም | ከፍተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | በጣም ዝቅተኛ |
| ነጻነት | ሙሉ | ከፖስታው ቀን ጋር የታሰረ | መካከለኛ | መካከለኛ | ትንሽ |
| ወጪ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ከፍተኛ |
| የሚስማማው ቡድን | 2–3 | 2–4 | 4–6 | 6–12 | ማንኛውም |

## ለእናንተ የቱ ይሆናል?

ሁለት ወይም ሦስት ናችሁ፣ ከዚህ በፊት ረጅም መንገድ ሄዳችኋል፣ ገንዘብ የለም፦ ናላርቦርን ስንቅ ልካችሁ ሂዱ። በየሮድሃውሱ ውሃ መግዛት እንደሚያስፈልግ አስቡና ለሱ ገንዘብ ያዙ።

ከአራት እስከ ስድስት ናችሁ፣ አስፋልት ነው፣ በጀቱ ጠባብ ነው፦ ተረኛ ሾፌር፣ አንድ ቋሚ የጭነት ኃላፊ። መኪናው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አይቅደም። ይህንን ቁጥር ነፋስ ባይኖርም አትንኩት።

ከስድስት በላይ ናችሁ፣ ወይም ፒስታ ልትገቡ ነው፣ ወይም ከመካከላችሁ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ያለበት ሰው አለ፦ ቋሚ ሾፌር። ወጪውን ለስምንት ስታካፍሉት የሚያስደነግጥ አይደለም። ዘመድ ጓደኛ ውስጥ ፈልጉ፤ ጡረታ የወጡ፣ መንገድ የናፈቃቸው ሰዎች እናንተ ከምታስቡት በላይ ብዙ ናቸው፣ የሚጠይቃቸው ሰው ነው ያጡት።

ሁለት ሳምንት ፈቃድ ብቻ ካላችሁና ስለ ጀሪካን ማሰብ የማትፈልጉ ከሆነ ወደ አስጎብኚው።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። በመንገዳችሁ ላይ ወዳሉት ሮድሃውሶች በሙሉ ደውሉ፣ አንዳንዱ ካርታ ላይ እያለ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሙሉ ጭነቱን ይዛችሁ ከከተማ ወጣ ብላችሁ ሁለት ሌሊት እደሩ። በሁለተኛው ሌሊት መብራት አጥፉና አንዱን "የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን አምጣ" በሉት። ከአንድ ደቂቃ በላይ ከፈጀበት ሁሉንም አውርዳችሁ እንደገና ጫኑ።